የአያት በገና ለልጅ ልጅ፦ የአውታሩን ውፍረት እንዴት እንምረጥ?

ዐቢይ ጾም ሲቃረብ በአንዳንድ ቤቶች አንድ ጥያቄ ይነሳል። አያት ይደረድሩት የነበረ፣ እሳቸው ካረፉ ወዲህ ግን በነጠላ ተጠቅልሎ ግድግዳ ላይ የቀረ በገና አለ። የልጅ ልጅ በሰንበት ትምህርት ቤት በገና መማር ጀምሯል። «የአያቴን አሳድሱልኝ» ይላል። ወላጅ ደስ ይለዋል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከልጅ አፍ መስማት ዛሬ ቀላል ነገር አይደለም። ጨርቁ ሲገለጥ ግን ከአሥሩ አውታሮች ግማሹ ተበጥሷል፤ የቀረውም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በምን ይተካ? በብረት ሽቦ? በናይለን? እንደ ጥንቱ በበግ አንጀት? ውፍረቱስ ምን ያህል ይሁን?

ብዙ ሰው ስለ ቆዳውና ስለ እንጨቱ አጥብቆ ይጠይቃል። ስለ አውታሩ ውፍረት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። «ክር ያው ክር ነው» ይባላል። ይህ አነጋገር ስንት ዘመን የቆየ በገና እንዳበላሸ ስለማውቅ ዛሬ በዚህ ጉዳይ ላይ እንነጋገር።

እኔ በገና ሠሪ አይደለሁም። ዕድሜዬን በነርስነት አሳልፌ አሁን በደብረ ወርቅ በጡረታ የምኖር ሰው ነኝ። ሙያዬ ግን ሁለት ነገር አስተምሮኛል። አንደኛው፣ መድኃኒት የሚሰጠው በበሽተኛው ክብደትና ዕድሜ ልክ ነው፤ ለጎልማሳ የሚስማማው መጠን ሽማግሌን ሊጥል ይችላል። ሁለተኛው፣ ክር በዓይን ግምት አይመረጥም። ቁስል የሚሰፋበት ክር ሁሉ የውፍረት ቁጥር አለው፤ የፊት ቆዳ የሚሰፋበትና የሆድ ግድግዳ የሚሰፋበት አንድ አይደሉም። እንዲያውም በሕክምና «ካትጋት» የምንለው ክር ከበገና አውታር ጋር የሥጋ ዘመድ ነው፤ እሱም የሚሠራው ከበግ ወይም ከከብት አንጀት ነው። እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጆሴፍ ሊስተር ከ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በፀረ ተሕዋስያን እየነከረ ለቀዶ ሕክምና ሲያውለው፣ ያው አንጀት በሙዚቃ መሣሪያ ላይ ብዙ ዘመን አገልግሎ ነበር።

ጭነቱን የሚሸከመው ማን ነው?

በመጀመሪያ በገናውን እንደ አንድ አካል እንየው። ከታች ገበቴው አለ፤ ተቦርቡሮ በቆዳ የተለበጠው የድምፅ ሳጥን ማለት ነው። ከገበቴው ግራና ቀኝ ሁለት ምሰሶዎች ይወጣሉ። በምሰሶዎቹ አናት ላይ ቀንበሩ ይጋደማል። አሥሩ አውታሮች ከገበቴው ግርጌ ተነሥተው፣ ቆዳው ላይ በተቀመጠው ብርኩማ ላይ አልፈው፣ ቀንበሩ ላይ በመቃኛ እንጨቶች ይጠመጠማሉ። በብርኩማውና በእያንዳንዱ አውታር መካከል እንዝራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። ያ ሆድ የሚያባባ የበገና እርግብግብታ የሚመጣው አውታሩ እንዝራዋን ነካ ለቀቅ ሲያደርጋት ነው።

አባቶች ለዚህ አካል ትርጓሜ አላቸው፤ አሥሩ አውታሮች የአሠርቱ ትእዛዛት ምሳሌ ናቸው ይላሉ። እኛ ግን ለዛሬው ጉዳያችን ሌላ ነገር ልብ እንበል። አሥሩም አውታሮች በአንድ ጊዜ ቀንበሩን ወደ ታች ይስባሉ፤ ብርኩማውንም ወደ ቆዳው ይጫኑታል። ብዙ ደርዳሪዎች ከአሥሩ ስድስቱን ያሰማሉ፤ ሌሎቹ ለጣት ማረፊያ ይሆናሉ። አሥሩንም የሚጠቀሙ አሉ። ድምፅ የማይሰጠው አውታር ግን ከመሳብ አያርፍም። ሌሊት ሁላችንም ተኝተን ሳለ ቀንበሩ ጭነቱን እንደተሸከመ ያድራል።

በአካባቢያችን የማውቀው አንድ ቤተሰብ የወረሰውን በገና ለማደስ ሲነሣ፣ «አንጀት ይበጠሳል፤ ብረት ግን አይበጠስም» ተብሎ ከብረታ ብረት መሸጫ በተገዛ ሽቦ አሰረው። ሽቦው እውነትም አልተበጠሰም። መጀመሪያ ብርኩማው ቆዳውን እየጫነ አጎደጎደው። ቀጥሎ ቀንበሩ ከምሰሶው ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ተሰነጠቀ። ለልጁ ደስታ ታስቦ የተደረገው ነገር ልጁን አስለቀሰው። አውታር ሲበጠስ በሌላ ይተካል፤ አያት የያዙት ቀንበር ከተሰበረ ግን የሚተካው አዲስ እንጨት እንጂ ያው ቀንበር አይደለም። የበገና አውታር ደካማው ክፍል መሆኑ ጉድለት አይደለም፤ ጭነት ሲበዛ ቀድሞ መበጠስ ያለበት እሱ ነው።

ጥቂት ስሌት፣ ለልጆችም የሚሆን

የአንድ አውታር ድምፅ ቀጭን ወይም ወፍራም የሚሆነው በአራት ነገሮች ነው፦ በርዝመቱ፣ በውጥረቱ፣ በውፍረቱና በተሠራበት ነገር ክብደት። ርዝመቱን በገናው ራሱ ወስኖታል፤ ከቀንበር እስከ ብርኩማ ያለው ርቀት አይለወጥም። ቅኝቱን ደግሞ የሚያዜመው ሰው ድምፅ ይወስነዋል። ስለዚህ በእጃችን ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፦ አውታሩ ከምን ይሠራ? ምን ያህልስ ይወፍር? ውጥረቱ የእነዚህ ውጤት ሆኖ ይመጣል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 80 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው አውታር በሴኮንድ 100 ጊዜ እንዲርገበገብ ተቃኘ እንበል። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንጀት ከሆነ የሚስበው 2.7 ኪሎ ያህል ነው። አሥሩም እንዲሁ ቢሆኑ በድምሩ 27 ኪሎ ይሆናል። ይህ የአንድ የስምንት ዓመት ልጅ ክብደት ነው። በደኅና የተሠራ በገና ይህን ይችላል።

አሁን በአንጀቱ ፋንታ ያው 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ሽቦ እንሰር፤ ቅኝቱም ያው ይሁን። ብረት ከአንጀት ስድስት እጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ ያንኑ ድምፅ ለመስጠት ስድስት እጥፍ መወጠር አለበት። አንዱ ሽቦ 16 ኪሎ፣ አሥሩ 160 ኪሎ ይስባሉ፤ ከአንድ ኩንታል ተኩል በላይ ማለት ነው። በልጅ ፋንታ ኩንታል ተኩል እህል በቀንበሩ ላይ ጫንን ማለት ነው። ጎረቤቴ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ስሌት ስለ ውፍረት ነው። ቅኝቱ ሳይለወጥ ውፍረቱ ሲጨምር ውጥረቱ የሚጨምረው በዚያው ልክ አይደለም፤ በራሱ ተባዝቶ ነው። 1 ሚሊ ሜትር የነበረው አንጀት 1.2 ቢሆን ሁለት አሥረኛ ብቻ ጨመርን ብለን እናስባለን። ጭነቱ ግን በ44 በመቶ ይጨምራል። 1.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ደግሞ ከእጥፍም ይበልጣል። በዓይን የማይለይ ልዩነት ለእንጨቱ ትልቅ ልዩነት ነው።

ሦስተኛው የልጁን ድምፅ ይመለከታል። አያት በጎርናና ድምፅ ያዜሙ ነበር። በገናው በእሳቸው ልክ ተቃኝቷል። ልጁ «ለእኔ ድምፅ ዝቅ አለብኝ» ብሎ እነዚያኑ አውታሮች አጥብቆ ቅኝቱን በአንድ ተኩል እጥፍ ከፍ ቢያደርግ፣ ጭነቱ ከሁለት እጥፍ ያልፋል። ሁለት መፍትሔ አለ። የመጀመሪያው፣ በገናው በአያት ቅኝት እንዲቆይና ልጁ በራሱ ድምፅ ከፍ ብሎ እንዲያዜም ማድረግ ነው፤ ወንድና ሴት አንዱን መዝሙር አብረው ሲያዜሙ የሴቷ ድምፅ በአንድ እርከን ከፍ ብሎ እንደሚስማማ ማለት ነው። ይህ በገናውን አይነካም። ሁለተኛው፣ ቅኝቱ ከፍ እንዲል የግድ ከሆነ አውታሩን በዚያው ልክ ማቅጠን ነው፤ 1 ሚሊ ሜትር የነበረው ወደ 0.67 ይወርዳል፤ ጭነቱ ባለበት ይቆያል።

መቅጠንም ግን ልክ አለው። አውታሩ ከመጠን በላይ ከቀጠነ ላልቶ ይንገዋለላል፤ እንዝራውን ዳሰስ ማድረግ ሲገባው ይደበድበዋል፤ ቅኝቱም አይጸናም። እንግዲህ የምንፈልገው በጣም ቀጭኑን ሳይሆን ተስማሚውን ነው። ጥርጣሬ ሲኖር ግን ከቀጭኑ ጀምሮ ማወፈር ይሻላል። ከወፍራሙ ጀምረን እንጨቱ ከተሰነጠቀ በኋላ መቀነስ አይጠቅምም።

ፒያኖ አዳሾች ምን ያደርጋሉ?

ይህ ጭንቀት የእኛ ብቻ አይደለም። በ1923 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ተወልደው በ2023 ኢየሩሳሌም ያረፉትን እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ስናስብ ፒያኖ ትዝ ይለናል። በፒያኖው ሆድ ውስጥ ከ200 በላይ ሽቦዎች ተወጥረዋል፤ ድምር ውጥረታቸው በዛሬው ፒያኖ 20 ቶን ያህል ይደርሳል። ያንን የሚሸከመው ከብረት የተቀለጠ ወፍራም ማዕቀፍ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ የተሠሩ ፒያኖዎች ግን ማዕቀፋቸው እንጨት ነበር፤ ሽቦዎቻቸውም ለስላሳ ብረትና ነሐስ ነበሩ። ሙሉ የብረት ማዕቀፍ በቦስተን ከተማ የመብት ማረጋገጫ ያገኘው በ1825 ሲሆን፣ ጠንካራ የፒያኖ ሽቦ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ጥንታዊ ፒያኖ የሚያድስ ባለሙያ የዛሬን ሽቦ አንሥቶ አያስርም። አሮጌውን ሽቦ አንድ በአንድ በማይክሮሜትር ይለካል። የፒያኖ ሽቦ በቁጥር ይሸጣል፤ በአንዱ ቁጥርና በቀጣዩ መካከል ያለው ልዩነት የሚሊ ሜትር ጥቂት መቶኛ ነው። ባለሙያው ለየትኛው ድምፅ የትኛው ቁጥር እንደነበረ ይመዘግባል፤ አሮጌው ከጠፋ ከርዝመቱ ተነሥቶ ያሰላል፤ ከዚያም ማዕቀፉ የሚችለውን ይመርጣል። ያለ ልክ ከተወጠረ የእንጨቱ ማዕቀፍ ይጣመማል። የእኛ በገና ሽቦው አሥር ብቻ ይሁን እንጂ ሕጉ አንድ ነው፦ አውታሩ የሚመረጠው ለአሮጌው እንጨት ነው።

ከመፍታት በፊት እንለካ

ወደ ቤታችን በገና እንመለስ። አንድም አውታር ከመፈታቱ በፊት ልጁ በስልኩ ፎቶግራፍ ያንሣው፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ብርኩማውን ቀረብ አድርጎ፣ የቀንበሩን አጠማጠም፣ የታችኛውን ቋጠሮ። ከዚያ አውታሮቹን ከግራ ወደ ቀኝ ከ1 እስከ 10 ቁጥር እንስጣቸውና በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ ወረቀት በክር እንሰር። የተበጠሰውንም ቁራጭ አንጣል፤ ትልቁ ማስረጃችን እሱ ነው።

መለኪያው ካሊፐር ነው። በብየዳና በማሽን ሥራ ቤቶች፣ አንዳንዴም በወርቅ ሠሪዎች ዘንድ ይገኛል፤ ለአሥር ደቂቃ ቢለምኑት የሚከለክል የለም። የምንለካው ጣት ባልነካው ጫፍ፣ ከቋጠሮው ጠጋ ብሎ ነው፤ መሐሉ በጣት ተልጎ ስለሚሳሳ ትክክለኛውን አይናገርም። አንጀት ድቡልቡል ሆኖ ስለማይደርቅ በሦስት ቦታ፣ በየቦታውም ጎንና ጎኑን ለክተን አማካዩን እንውሰድ።

ካሊፐር ከሌለ ሌላ ዘዴ አለ። ከተበጠሰው አውታር እያንዳንዳቸው ሁለት ሳንቲ ሜትር የሆኑ አሥር ቁራጮች ቆርጠን፣ ጎን ለጎን አስጠግተን በማስመሪያ ላይ እንደርድራቸው። አሥሩ አብረው 11 ሚሊ ሜትር ከያዙ፣ አንዱ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው። አዲስ የናይለን ክር ሲሆን ደግሞ በእርሳስ ላይ አሥር ጊዜ አስጠግቶ መጠምጠምና ለአሥር ማካፈል ይቻላል። የደረቀ አንጀት ግን አይጠምጠም፤ ይሰነጠቃል።

ከአውታሮቹ አንዱም ካልተረፈ በገናው ራሱ ይመሰክራል። ብርኩማው ላይ አውታሮቹ የፈለፈሏቸው ቦዮች አሉ፤ ስፋታቸው የአውታሩን ውፍረት ይጠቁማል። በቀንበሩ ላይ የጠመጠሙበት ቦታ አሻራ ይኖራል። የታችኛው ቀዳዳ ስንት ክር እንደሚያሳልፍም ይነግረናል። ለማነጻጸር፣ የአያት ዘመን ደርዳሪ በሰፈሩ ካሉ በገናቸውን ለመለካት መጠየቅ ነውር የለውም። ጥሩው ነገር እንዲህ ያለው ጥያቄ ሽማግሌን ደስ ያሰኛል እንጂ አያሰለችም።

አንጀት ወይስ ናይለን?

የጥንቱ አውታር የበግ ቀጭን አንጀት ነው፤ ታጥቦ፣ ስቡና ሥጋው ተፍቆ፣ እርጥብ ሳለ ተገምዶ፣ ተወጥሮ ይደርቃል። ድምፁ ለስላሳና ጥልቅ ነው። ጉዳቱ እርጥበት ይጠጣል። ክረምት ሲገባ በደብረ ወርቅ ጭጋግ ውስጥ ቅኝቱ እንደሚናወጥ፣ በበጋ ደርቆ እንደሚበጠስ ደርዳሪ ሁሉ ያውቃል። ሌላው ጉዳት ዛሬ በደንብ የሚገምድ ሰው ማግኘት ነው።

ናይለን እርጥበት ብዙ አያናውጠውም፤ በቀላሉም ይገኛል። የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ጥቅል ላይ ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ስለሚጻፍ ለእኛ ምቹ ነው። በክብደት ከአንጀት ትንሽ ይቀላል። ስለዚህ ያንኑ ቅኝትና ያንኑ ጭነት ለማግኘት በመቶ 7 ያህል መወፈር አለበት፤ አንጀቱ 1 ሚሊ ሜትር ከነበረ ናይለኑ 1.07፣ ማለትም በገበያ ከሚገኘው 1.0 ወይም 1.1 ይሆናል። በጥርጣሬ ጊዜ 1.0ውን እንውሰድ።

ብረትን በተመለከተ፣ ጭነቱ እንዳይጨምር ከተፈለገ 0.4 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን ሽቦ ያስፈልጋል። እንዲህ የቀጠነ ሽቦ ደግሞ ብርኩማውን ይበላል፤ የልጁንም ጣት ይቆርጣል። እንዝራውም ለእሱ አልተሠራም። በክራር ላይ ሽቦ የሚጠቀሙ አሉ፤ የክራር ነገር ሌላ ነው። ለአሮጌ በገና ግን ብረት አልመክርም።

ለሙያ ባልደረቦቼ አንድ ቃል፦ ከጤና ጣቢያ የተረፈ ካትጋት ለበገና አይሆንም። ብዙውን ጊዜ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ለቋጠሮና ለመጠምጠሚያ አይደርስም፤ ደግሞም የበሽተኛ ንብረት ነው።

የጤና ነገር

አንጀቱን ራሳችን እናዘጋጅ የምንል ከሆነ፣ ታርዶ ከታየ ጤነኛ በግ ብቻ እንውሰድ። በድንገት ከሞተ ወይም ታሞ ከታረደ እንስሳ አንጀትም ቆዳም አይወሰድ። ምክንያቱ አባ ሰንጋ ነው። የአባ ሰንጋ ተሕዋስ ዘር በደረቀ ቆዳና በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። በ2006 (እ.ኤ.አ.) በስኮትላንድ፣ በ2008 በለንደን ከእንስሳ ቆዳ ከበሮ ጋር የተያያዘ አባ ሰንጋ የሰው ሕይወት አጥፍቷል። በእጅ ላይ መጀመሪያ የሚያሳክክ እብጠት፣ ቀጥሎ ሕመም የሌለውና መሐሉ ጥቁር የሆነ ቁስል ከታየ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል።

አንጀቱ ሲጸዳ የቆሰለ እጅ አይንካው፤ ሲያልቅ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ትርፍራፊው ይቀበር እንጂ ለውሻ አይጣል። ጥሬ የሆድ ዕቃ ከሚበላ ውሻ የሚመጣ ትል በሰው ጉበት ውስጥ ውሃ የቋጠረ እብጠት ያመጣል፤ የመጀመሪያው ተጠቂ ከውሻው ጋር የሚጫወተው ልጅ ነው። አሮጌው ቆዳ ሻግቶ ከሆነ ከመፋቅ በፊት በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ማድረግና አፍና አፍንጫን መሸፈን ይገባል።

አውታር ሲወጠር የልጅ ፊት ከበገናው በላይ አይሁን። የተበጠሰ አውታር ዓይን ይመታል። መነጽር ያለው ያድርግ፤ የሌለው ፊቱን ወደ ጎን ያዙር። ዓይን ከተመታ አይታሽ፤ ወተትም ቅቤም ቅጠልም አይጨመርበት። ሳይጫኑ በንጹሕ ነገር ሸፍኖ ወዲያው ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።

በትዕግሥት መወጠር

አዲሱ አውታር ሲታሰር አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው አይሄድም። ከሁለቱ ዳርና ዳር ጀምረን ወደ መሐል እየተመላለስን፣ ሁሉንም በመጀመሪያ ላላ አድርገን እናስራቸዋለን፤ ቀንበሩ በአንድ ወገን እንዳይሳብ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከታሰበው ቅኝት በጣም ዝቅ ይበል። በማግሥቱ ትንሽ ከፍ፤ በሦስተኛው ቀን ትንሽ ከፍ። አሮጌ እንጨት ለዓመታት ሳይሸከም ኖሯል፤ ከአልጋ የተነሣ በሽተኛ በመጀመሪያው ቀን ውሃ እንደማይቀዳ ሁሉ እሱም ቀስ እያለ ይልመድ።

በየቀኑ ሦስት ነገር እንይ፦ ቀንበሩ ከምሰሶው ጋር የተጋጠመበት ቦታ አዲስ ስንጥቅ አለው? ምሰሶዎቹ ወደ ውስጥ አዘንብለዋል? ከብርኩማው ሥር ቆዳው ጎድጉዷል? ከሦስቱ አንዱ ከታየ ሁሉንም አላልቶ ከበገና ሠሪ ጋር መመካከር ነው። ምንም ካልታየ ወደ ቅኝቱ እንቀጥል። ለጣት ማረፊያ ብቻ የሚያገለግሉትን አውታሮች ከሚያስፈልገው በላይ ማጥበቅ ለምንም አይጠቅምም። ከተደረደረ በኋላ ለረጅም ጊዜ የሚሰቀል ከሆነም ትንሽ አላልቶ መስቀል ለእንጨቱ ዕረፍት ነው።

እንዝራዎቹ መጨረሻ ይስተካከላሉ። ቁራጯ ቆዳ በብርኩማው ላይ በጣም ትንሽ ወደፊት ወይም ወደኋላ ስትገፋ እርግብግብታው ይመጣል ወይም ይጠፋል። ይህን ሥራ ለልጁና ለሽማግሌው አብረው እንተውላቸው። ልጁ ጥሩ ጆሮ አለው፤ ሽማግሌው ደግሞ በገናው ድሮ እንዴት ይል እንደነበር ያስታውሳሉ። ሁለቱ አብረው ሲሰሙ የሚገኘውን ድምፅ የትኛውም መለኪያ አያገኘውም።

የበገና ትምህርት ከሰው ወደ ሰው የሚሄድ ነው። በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተማሩትና ድምፃቸው በዓለም የታወቀው አቶ ዓለሙ አጋ እንኳ የተማሩት በልጅነታቸው ጎረቤታቸው ከነበሩ መምህር ነው። አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ልጅ፣ አንድ የሚሠራ በገና፤ ትምህርቱን ለማስቀጠል ሌላ ብዙ ነገር አላስፈለገም። የሚሠራ በገና ከሌለ ግን ሁለቱ የሚገናኙበት ምክንያት ይጎድላል።

በመጨረሻ ለአያቶች አንድ አደራ አለኝ። በገናው ታድሶ ሲያልቅ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍልን፦ አውታር 1 ከምን ተሠራ፣ ውፍረቱ ስንት ሚሊ ሜትር፣ መቼ ታሰረ፤ እንዲህ እስከ 10። የማን በገና እንደነበረ፣ ማን ሠራው ተብሎ እንደሚነገርም ይጨመርበት። ወረቀቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከበገናው መጠቅለያ ጋር ይቀመጥ። ለበሽተኛ ካርድ የምንጽፈው ቀጣዩ ሐኪም ከዜሮ እንዳይጀምር ነው። የልጅ ልጅዎ አድጎ፣ እሱም በተራው ለልጁ ሊያድስ ሲነሣ፣ ጨርቁን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚያገኘው የእርስዎን የእጅ ጽሑፍ ይሁን።